የሽማግሌው የሸክላ ግመል

አሜሪካዊው ሽማግሌ የሞንትቤሎ ሰፈር ቤታቸውን ለቀው ዴንቨር መሃል ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ፣ ከዕቃቸው ሁሉ የመረጡት የሸክላ ግመላቸውን ብቻ ነበር። የምንከባከባቸው እኔ ስለነበርኩ "በአንቺ እጅ ይምጣልኝ" አሉኝ። የጥንት ቻይናዎች ሥራ ነው፤ ከሺህ ዓመት በላይ ኖሯል። አንገቱን ሰቅሎ አፉን ከፍቷል፣ ጎንና ጎኑ ላይ ቀይ የተቀባ ስልቻ ተጭኖበታል። አቧራውን የምናራግፈው በላባ ነበር፤ ቀለሙ ውሃ ከነካው ይለቃል።

እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። እንቁላል ገዝቼ ስመለስ እንኳ እጨነቃለሁ። ግመሉን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ የመኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አሰርኩት። በመንገዴ እማዬን ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ካለ ክሊኒክ ማንሳት ነበረብኝና መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች።

"እንደ ሕፃን የጠቀለልሽው ምንድን ነው?"

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! ዝም ብዬ እንደመንዳት ማስረዳት ጀመርኩ፤ ነጋዴዎች በግመል ሐር ጭነው በረሃውን እንደሚያቋርጡ፣ ባለጸጋ ሲሞት በወዲያኛው ዓለም ጭነት የሚሸከምለት እንዳያጣ የሸክላ ግመል አብሮት እንደሚቀበር።

"ከመቃብር የወጣ ነው?"

"እማዬ፣ አሁን እኮ አንቲክ ነው።"

"እና እኔን ከሬሳ ዕቃ ጋር ታስቀምጪኛለሽ?"

ከፊቴ አውቶቡስ ቆመና ፍሬን ያዝኩ። በመስታወት ሳይ ብርድ ልብሱ ተገልጧል፤ እማዬ ከቦርሳዋ የማትለየውን የጸበል ጠርሙስ ከፍታ "በስመ አብ" እያለች ትረጫለች። "ተይ! እማዬ ተይ!" እስክል ስልቻው ረጥቧል።

ያገኘሁት ጋዝ ስቴሽን ገብቼ ፓርክ አደረግኩ። ቀዩ ቀለም በግመሉ ሆድ ላይ ወርዷል። ልጥረገው? ብነካው ይብስ ይሆን? መጀመሪያ ሥራዬን አሰብኩ፣ ከዚያ ግን የሽማግሌው ፊት ብቻ ታየኝ። ሌላ ምንም ይዘው አልወጡም እኮ! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እማዬ ጠርሙሷን ከድና "በይ፣ አሁን በሰላም ንጂ" አለችኝ።

አዲሱ ክፍላቸው አልጋና አንድ ወንበር ብቻ ነበረው። ግመሉን ጭናቸው ላይ አስቀምጬ፣ ሳይጠይቁኝ ሁሉንም ተናገርኩ። የወረደውን ቀለም አዩት።

"ውሃው ለምንድን ነው?" አሉ።

"የተባረከ ነው። እናቴ ከመቃብር የመጣ ነገር ትፈራለች። ክፉ እንዳይከተለን ብላ ነው።"

"እኔም እፈራለሁ" አሉ። ግመሉን ወደ ደረታቸው አስጠግተው በር ላይ የቆመችውን እማዬን አዩዋት። "ውሃው ተርፏት ይሆን?"

ከዕቃው ሁሉ ግመሉን ለምን እንደመረጡ ያን ጊዜ ገባኝ፤ እሳቸውም ለወዲያኛው መንገድ እየተዘጋጁ ነበር።

"ምን አሉ?" አለችኝ እንግሊዝኛው ያልገባት እማዬ። እሳቸው ዓይናቸውን ከቦርሳዋ አልነቀሉም፤ እሷም መልሴን ሳትጠብቅ ጠርሙሱን አወጣች።