የመጀመሪያው እንቢታ

ወይዘሮ አሰለፈች ጉልበታቸውን የጨረሱት አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ማሽኑ ሲጮህ እሳቸውም እየጮኹ ያወሩ ስለነበር፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ “እንደምን አደራችሁ” ሲሉ የተቆጡ ይመስላሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አቃቂ በሰቃ ባለችው ቤታቸው ከልጃቸው ከየሺዋስና ከሚስቱ ከልዕልት ጋር ይኖሩ ነበር።

ባልና ሚስቱ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲደርሳቸው ልዕልት፣ “እማማ፣ አብረውን ይምጡ” አለቻቸው።

“ምን በወጣኝ! ቤቴ ይሻለኛል፤ እናንተ ግቡ” አሉ።

ልባቸው ግን መሄድ ነበር። በእኛ ዘንድ በመጀመሪያው ጥሪ እሺ ማለት ነውር ነው። እንግዳ “አሁን በላሁ” ይላል፤ ባለቤት “በሞቴ” ይላል፤ እንግዳ “ኧረ ጠግቤያለሁ” ይላል፤ እጁ ወደ ገበታው የሚዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ እንቢታችን መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነው። “እውነት ትፈልጉኛላችሁ?” ማለታችን ነው። ወይዘሮ አሰለፈችም ልመናውን ጠበቁ። ልዕልት ግን ደግማ አልጠየቀችም፤ እቃ መታሰር ጀመረ።

በዚያ ሰሞን እድላዊት የምትባል ወጣት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ እኛን ሽማግሌና አሮጊቱን በዕድራችን አዳራሽ እየሰበሰበች ታወያየን ነበር። ደንቧ አጭር ነው፦ ተረት የለም፤ “ሰው እንዲህ ይላል” የለም፤ አሁን፣ እዚሁ ተቀምጠን የሚሰማንን ፊት ለፊታችን ላለው ሰው መናገር ብቻ።

“ተረት ከተከለከለማ እኔ ዲዳ ሆንኩ!” አሉ የቀድሞው ባለጋሪ አቶ ሁንዴ።

አንድ ቀን ከቤተሰባችን አንድ አንድ ሰው እንድናመጣ ጠየቀችን። ወይዘሮ አሰለፈች ልዕልትን ይዘው መጡ፤ ፊት ለፊትም ተቀመጡ።

“ልጄ፣ እግዜር ያውቃል…” ብለው ጀመሩ።

“እሱ ያውቃል፤ ልዕልት ግን አታውቅም” አለች እድላዊት።

ተሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

“ፈራሁ። ካርቶን በታሰረ ቁጥር ብቻዬን ልቀር ነው እላለሁ። አልመጣም ያልኩሽ ደግመሽ እንድትለምኚኝ ነበር።”

ልዕልት እጇን አየች። “እኔም እውነቱን ልናገር?”

“ተናገሪ እንጂ!” አሉ አቶ ሁንዴ።

“አባባ ሁንዴ፣ እርስዎን አልጠየቀችም” አለች እድላዊት።

“እንቢ ሲሉኝ ቀለል አለኝ፣ እማማ። ሁልጊዜ ይጮኹብኛል። ቤትዎ ከገባሁ ጀምሮ የሚጠሉኝ ይመስለኛል።”

እንዲህ ያለ ቃል በእኛ ሰፈር ሽማግሌ ሳይላክ አይወጣም። ወይዘሮ አሰለፈች ተነስተው ይሄዳሉ ብዬ ፈራሁ። አልተነሱም።

“እኔ? አንቺን? እንዴ! ጆሮዬ እኮ ነው! ማሽኑ በላው፤ የራሴን ድምፅ አልሰማውም።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“አልጠየቅሽኝማ!”

ልዕልት ሳቋ አመለጣት፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። “እንግዲህ አሁን ልጠይቅዎት። በሞቴ አልልም፤ ደግሜም አልለምንም። የሚሉትን ያንኑ ነው የምይዘው። ከእኛ ጋር ይመጣሉ?”

ከንፈራቸው “ኧረ ምን…” ለማለት ሲንቀሳቀስ ሁላችንም አየን። አንድ ሙሉ ዕድሜ በአፋቸው ላይ ቆሞ ነበር። ዋጡት።

“እመጣለሁ።”

ልዕልት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ ቀና ስትልም፣ “ቁም ሳጥንዎ ግን በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ አይወጣም” አለች።

“ተፈታትቶ ይወጣል!”

“አይወጣም፣ እማማ።”

እየተከራከሩ ወጡ። ልዕልት ክንዳቸውን ይዛ፣ እንዲሰሟት ጮክ ብላ ትመልስላቸው ነበር።