ከደርባን የመጣ ሳቅ

ባለፈው ኅዳር አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ልቡን ታሞ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ። እኔ የሰማሁት ከወጣ በኋላ ነው። ልጆቼ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር። እሑድ እሑድ ቤቴ እየመጡ፣ ምስሬን እየበሉ፣ ስቀልድ አብረውኝ እየሳቁ፣ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ስቆጣ ትልቋ ልጄ፣ «ማማ፣ እንዳትጨነቂ ብለን እኮ ነው» አለችኝ፤ ያውም በጀርመንኛ። በአማርኛ ሲያናግሯት በጀርመንኛ የምትመልስ ልጅ ይህችን ጠባይ ከየት አመጣቻት? እዚህ አገር ትምህርት ቤት እንዳላስተማሯት እርግጠኛ ነኝ።

ተቆጥቼ ተቆጥቼ ሲወጣልኝ ቁጭ አልኩና እትዬ ዘነበች ትዝ አሉኝ። እሳቸው ትዝ ሲሉኝ ደግሞ ቁጣዬ ወደ ራሴ ዞረ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ፍራንክፈርት ጉትሎይትፊርቴል የሚባል ሰፈር ውስጥ ጋሽ ተሰማና ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች አንዲት ጠባብ ክፍል ሰጥተውኝ እነሱ ቤት እኖር ነበር። ዘመዶቼ አይደሉም፤ ያገናኘን ቤተ ክርስቲያን ነው። ቤተ ክርስቲያን ስል እሑድ ከሰዓት የምንከራየው አዳራሽ ማለቴ ነው። ከእኛ በፊት የሚገቡት ሰዎች ወንበሩን ክብ አድርገውት ይሄዳሉ፣ እኛ ደግሞ እየጎተትን መደዳ እናደርገዋለን። ጋሽ ተሰማ ኒደርራድ ሰፈር ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው፣ እትዬ ዘነበችም መጦሪያ ቤት ልብስ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሌላ ሰው ቢሆን እግሩን ሰቅሎ ያርፋል። እነሱ ግን ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ያሉ የእኛ አገር ልጆች «የሚያስተምረን ትልቅ ሰው የለንም» ብለው ቢጽፉላቸው፣ በኖቬምበር መጀመሪያ ሻንጣቸውን አንስተው ለሦስት ወር አገልግሎት ሄዱ። ጋሽ ተሰማ ያንን ወፍራም ሱፍ ሙሉ ልብሳቸውን ይዘው ነው የሄዱት። «እዚያ እኮ ዲሴምበር የሙቀት ወር ነው» ብላቸው፣ «ቢሞቅም ገና ገና ነው፤ በሸሚዝ አልሰብክም» አሉኝ።

እኔ ቤቱን እንድጠብቅ፣ አበባ እንዳጠጣና ስልክ እንድቀበል ቀረሁ። እሑድ እሑድ ማታ ይደውላሉ። የደርባኑን ቁጥር ጋሽ ተሰማ በትልልቁ ጽፈው፣ ኮሪደሩ ላይ ካለው ስልክ በላይ ለጥፈውልኝ ነበር።

ዲሴምበር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ስልኩ ሐሙስ ቀን ጮኸ። የምሠራው ሳክሰንሃውሰን ሰፈር፣ የፖም ወይን የሚሸጥበት ቤት ኩሽና ውስጥ ነበር። ገና ሲቃረብ ዝይና ቀይ ጎመን ብቻ ነው የሚሠራው፤ ሽታው ጸጉሬ ውስጥ ይገባና አይለቅም። ካፖርቴን ሳላወልቅ ስልኩን አነሳሁ። ጌታቸው የሚባል የእትዬ ዘነበች የወንድም ልጅ ነው፤ የሚደውለው ከናዝሬት ነው።

«አያቴ ታማ ተኝታለች» አለኝ፤ የእትዬ ዘነበችን እናት ማለቱ ነው። «ሐኪሙ ቤታችሁ ውሰዷት ብሎናል። ዘኔን ጥሩልኝ ትላለች፣ ሌላ ወሬ የላትም። እትዬ እንዳትደነግጥ በሰው አስነግሪያት፤ እባክሽ ቶሎ።»

በሰው አስነግሪያት። እኔም ይህንን እንደ ትክክለኛ ነገር ተቀበልኩ። ደውዬ ራሴ ልንገራቸው የሚል ሐሳብ ያን ዕለት ውልም አላለብኝም። ልጅ ነኛ፤ እንዲህ ያለ ነገር በትልቅ ሰው አፍ ነው የሚነገረው ተብሎ ነው ያደግነው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ነገሩን ለሽማግሌዎቹ ብነግራቸው የአዳራሹ ኩሽና ውስጥ ተሰበሰቡ። ሰብሳቢያችን ጋሽ ደምሴ ነበሩ፤ የዋህ ሰው ናቸው፣ ሲናገሩ እንኳ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ነው የሚይዙት።

«በሰው አገር፣ የሚያጽናናት ዘመድ በሌለበት፣ ምን ተብሎ ይነገራታል?» አሉ።

«ይህ ደግሞ በስልክ ይባላል እንዴ?» አለች ከሴቶቹ አንዷ።

«አልሞቱም እኮ» አልኩ ከበሩ ጥግ። «አሁን ቢነሱ ይደርሱባቸዋል።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ጋሽ ደምሴ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ» አሉኝ በቀስታ፣ «እነዚያ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የገና ዝግጅት የሚያደርጉት። ሁሉም ነገር በእሷ እጅ ነው። እናትየዋም ሊሻላቸው ይችላል፤ እግዚአብሔር አይሳነውም። ገና ይለፍና እኛው እንነግራታለን። አንቺ ብቻ አደራሽን፣ ከአፍሽ አይውጣ።»

ጸለይን። እኔም አሜን አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔው ነኝ የማውቀው። ጌታቸው እንደገና ደወለ፤ «ነገራችኋት? መች ትመጣለች?» አለኝ። «እየተነጋገርን ነው» አልኩት። እሑድ ማታ እነ እትዬ ሲደውሉም ስለ አበባውና ስለ ብርዱ ብቻ አውርቼ ስልኩን ቶሎ እዘጋለሁ። በማይን ወንዝ ላይ ጉም ተኝቶ፣ ድልድዩን በእግሬ እየተሻገርኩ ለራሴ እለፈልፋለሁ። አንድ ቀን ማለዳ የደርባኑን ቁጥር አንድ አሃዝ እስኪቀረኝ ድረስ መታሁና ጣቴ እምቢ አለኝ። ለማን ልታዘዝ? ለሽማግሌዎቹ ወይስ ለአንዲት አይቻቸው ለማላውቅ፣ ናዝሬት ተኝተው ልጃቸውን ለሚጠሩ እናት? ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩትና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በፈረንጆቹ የገና ዕለት ከሰዓት ደወሉ። ቤት ብቻዬን ነበርኩ፤ አጠገቤ ቆሞ የሚያስፈራራኝ ማንም አልነበረም። ይህንን ደጋግሜ የምናገረው ለራሴ ማምለጫ እንዳልሰጥ ብዬ ነው።

«ሂሩትዬ» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ገና ከጅምሩ ሳቅ እያፈናቸው። «ይሄን ሙቀት ብታዪው። ቅቤ ነው የሚያቀልጠው። መድረኩ ላይ ጥጥ በትነን በረዶ አድርገነው ነበር…»

አቋርጬ ልናገር። ጥጥ መበተኑ የእሳቸው ሐሳብ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ናዝሬት ተወልደው ያደጉ ሰው እኮ ናቸው፤ ናዝሬት ገና የሚከበረው በጠራራ ፀሐይ፣ በአቧራ መሐል ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ጀርመን አገር ቢኖሩ፣ ገና ያለ በረዶ ገና አልመስል አላቸው።

«…እረኛ የሆኑት ልጆች ላብ በላብ ሆነው ጥጡ ፊታቸው ላይ ተለጠፈልሽ። ሁሉም ነጭ ጺም አበቀሉ። ትንሹማ ሊያነሳው ሲታገል አፉ ውስጥ ገብቶ መልአኩ ላይ አስነጠሰ። ተሰማ ደግሞ ሱፉን አላወልቅም ብሎ፣ ሁለት ወጣቶች ግራና ቀኝ ቆመው በካርቶን ሲያራግቡለት ነው የሰበከው።»

ሳቁ፤ አልቆም አላቸው። ያ ሳቃቸው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ለብዙ ዓመታት የልብስ ማጠቢያ እንፋሎት ውስጥ የቆዩ ሰው ሳቅ አይደለም፤ የልጃገረድ ሳቅ ነው። እኔም ሳቅሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አብሬያቸው ሳቅሁ።

ከዚያ ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ከእናቴ ወሬ አለ?» አሉኝ።

አሁን ነው አልኩ። አፌን ከፈትኩ። ከጀርባቸው ልጆች ሲዘምሩ ይሰማኛል፣ አንድ ሰው «እትዬ፣ ኬኩ እየቀለጠ ነው» ይላል።

«ደህና ናቸው» አልኩ። «ሰላም በሉልኝ ብለዋል።»

«ተመስገን። በይ ካርዱ አለቀብኝ፣ ደህና ሁኚ የኔ ልጅ።»

ስልኩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ውስጥ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በሁለተኛው ቀን ጌታቸው ደወለ። ሲያለቅስ ስሰማ ምንም ሳይናገር ገባኝ።

ሽማግሌዎቹ አሁንማ ጭራሽ አይሆንም አሉ። መርዶ በስልክ አይነገርም። እኔም እስኪመለሱ ድረስ እሑድ ማታ ስልኩን እያነሳሁ «ሁሉም ደህና ነው» አልኩ። በጃንዋሪ መጨረሻ ሲመለሱ ምሽት ላይ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደን ተቀበልናቸው፤ ሁለቱም በፀሐይ ጠቁረው፣ አምሮባቸው። እትዬ ዘነበች ቤት እንደገቡ ሻንጣቸውን ከፍተው ለእኔ ጫማ፣ ለጋሽ ደምሴ ባርኔጣ አወጡ። አንድ ሰማያዊ ስስ ጨርቅ ግን አጣጥፈው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጡ። «የእናቴ ነው። ሰው ሲሄድ እልክላታለሁ» አሉ። እኔ ሾርባ እያቀረብኩ ነበር። ካፖርቴን እንዳላወለቅሁ አይተው በርዶኝ መስሏቸው ማሞቂያውን ከፍ አደረጉት።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ደረጃው ከላይ እስከ ታች በእኛ ሰዎች ተሞልቷል፤ ጥቁር ካፖርት፣ ጥቁር ሻሽ፣ ማንም ድምፅ አያሰማም። የእኛ ሰው በማለዳ ተሰብስቦ ከመጣ ምን ማለት እንደሆነ ማን ያጣዋል። እትዬ ዘነበች በሌሊት ልብሳቸው እንደቆሙ አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«እናቴ ናት?» አሉ።

ጋሽ ደምሴ አንገታቸውን ደፉ።

«መቼ?»

«ከገና በሁለተኛው ቀን።»

«ድንገት ነው?»

ያኔ ወደ እኔ ዞሩ። «ሂሩት፣ ታማ ነበር?»

«ታመው ነበር። ከዲሴምበር መጀመሪያ ጀምሮ።»

«ጠርታኛለች?»

«ጠርተውዎታል።»

ለቅሶው ገና አልተጀመረም። ሴቶቹ ሊይዟቸው እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

«ስስቅ ሰማሽኝ» አሉ እትዬ ዘነበች።

የጠየቁኝ አይደለም፤ የነገሩኝ ነው። ከዚያ ወለሉ ላይ ወደቁ፣ ቤቱም በለቅሶ ተሞላ። ጋሽ ተሰማ ያንን ሱፍ ልብሳቸውን ከፒጃማቸው በላይ ደርበው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ጥግ ላይ ተቀመጡ። «ናዝሬት እኮ ከደርባን ወደዚህ ግማሽ መንገድ ላይ ነበረች» ሲሉ ሰማኋቸው፤ ለማንም አልነበረም የሚናገሩት።

ከእነሱ ጋር ሌላ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። እትዬ ዘነበች አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም፤ ምሳዬን እንደ ድሮው ይቋጥሩልኝ ነበር። አግብቼ ከወጣሁ በኋላም እስኪያርፉ ድረስ በስልክ እንጫወት ነበር። አንድ ልማድ ግን አመጡ። የሚያስቅ ነገር ሲመጣባቸው ድንገት ቆም ይሉና፣ «ሁሉም ደህና ነው? ልሳቅ?» ይሉኛል። «ይሳቁ» እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው የሚስቁት።

ይህን ሁሉ ባለፈው እሑድ ለትልቋ ልጄ ነገርኳት፤ ሌላ ጊዜ እንዲህ እንዳታደርግ ብዬ። እስክጨርስ ሰማችኝ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ስስቅ ሰማችሁኝ» አልኳት በመጨረሻ።

ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ በአማርኛ፣ ቃል እየፈለገች መለሰችልኝ። «ልነግርሽ መጥቼ ነበር፣ ማማ። ሁለት ጊዜ። ግን እየሳቅሽ ነበር።»

ተነሥቼ ምስሩን ጨመርኩላት።