መሃሉ ጫማ ሰፊው ጋ ነው

አክስቴ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ሂሳብ ነው፤ የምትመራመረው ግን ስለ ዛፍ ነው። ይህን የሰማች ጎረቤቷ አንድ ቀን ቅጠሉ የጠወለገ የሎሚ ችግኝ ተሸክማ መጣች። አክስቴ የእሷ ዛፍ ነጥብና መስመር ብቻ እንደሆነ፣ አብራ የምታጠናው ግሩፕ የሚባለው ደግሞ ዛፉ ሳይበጠስ ነጥቦቹን የማቀያየሪያ መንገዶች ስብስብ እንደሆነ ግማሽ ሰዓት አስረዳቻት። ጎረቤቷ በትዕግሥት ሰምታ ስታበቃ፣ «ታዲያ በቀን ስንቴ ላጠጣው?» አለች።

እንዲህ ያለው አያስከፋትም። ያስከፋት የእናቴ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት እናቴ እንግዳ ፊት፣ «እህቴ ዛፍ ስትቆጥር ፍሬ ሳታይ ቀረች» አለች። አክስቴ ልጅ የላትም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። እናቴ በማግስቱ ነው የተጸጸተችው፤ ግን እኛ ቤት ግትርነት እንደ አፍንጫ ይወረሳል። «ታላቅ እኔ ነኝ፤ እሷ ትምጣ» ትላለች። አክስቴም፣ «የተሰደብኩት እኔ፤ እሷ ትምጣ» ትላለች። በሁለቱ መሃል የምመላለሰው እኔ ጫማ ጨረስኩ፤ መንገድ ላይ ያለው ጫማ ሰፊ ደንበኛ ሆንኩ።

አንድ ሰኞ አክስቴ ቤት ሄጄ፣ «እስቲ ይሄን ዛፍሽን አሳዪኝ» አልኳት። ደስ ብሏት ወረቀት ላይ ቅርንጫፉ የበዛ ዛፍ ሳለች።

«መስመሮቹን ሳትበጥሺ ነጥቦቹን እንደፈለግሽ አቀያይሪ፤ የማይነቃነቅ ቦታ ግን አይጠፋም። ለማግኘት ጫፍ ጫፉን ማራገፍ ነው።»

በላጲስ ጫፎቹን አጠፋች፤ ደግማ አጠፋች። በመጨረሻ ሁለት ነጥብና አንድ መስመር ቀረ።

«እነዚህ ሁለቱ ቢቀያየሩስ?» አልኳት።

«ሁለቱም ቦታቸውን ይለቃሉ። የመስመሩ መሃል ግን ንቅንቅ አይልም።»

«ካንቺ ቤት እስከ እማዬ ቤት መሃሉ ጫማ ሰፊው ጋ ነው።»

ላጲሱን አስቀመጠች። «ቅዳሜ ጠዋት ክፍል የለኝም» አለች።

እናቴን ለማሳመን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ቅዳሜ ጫማ ሰፊው ጋ ስንደርስ አክስቴ የለችም። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። በቃ፣ አበቃ፣ አልኩ በሆዴ፤ ከእንግዲህ እናቴን ዳግም የሚያመጣት ሂሳብ የለም። እናቴ መንገዱን አየት አድርጋ ወደ አክስቴ ቤት መራመድ ጀመረች።

«እማዬ፣ መሃሉ እዚህ ነው!»

ዞር ብላም አላየችኝ።

ተከተልኳት። ስንደርስ አክስቴ በሯ ላይ ቆማ ትቆልፋለች፣ መልሳ ትከፍታለች። እናቴን ስታይ ቁልፉ ከእጇ ወደቀ።

«መሃሉን አልፈሽዋል እኮ» አለች።

«እኔ ሂሳብ መች እችላለሁ» አለች እናቴ።