የእናቴ አስታማሚዎች

ልጅ እያለሁ የምንኖረው አሜሪካ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ላንድማርክ አካባቢ፣ ኮሪደሩ ሁልጊዜ የምስር ወጥና የልብስ ሳሙና በሚሸት አፓርትመንት ውስጥ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ እናቴ ኦፕሬሽን ተደርጋ ከአልጋ መነሳት አቃታት። አባቴ ታክሲ ስለሚነዳ ቤት መዋል አይችልም። እኔ ቀርቼ ላስታምማት ስል፣ ሕመሟን ዋጥ አድርጋ «ክላስሽንማ አትቀሪም» ትለኛለች።

ፊት ለፊታችን ሚስ ኤድና የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ይኖሩ ነበር። አንድ ጠዋት ሽርጥ አሸርጠው፣ ሁለት እኩዮቻቸውን አስከትለው ገቡ። አንደኛዋ የእናቴን አንሶላ ቀየሩ፤ ሌላዋ ቅባት ቅባት በሚሸት እጃቸው ጸጉሬን አበጥረው ወደ ትምህርት ቤት ሸኙኝ። ከዚያ ወዲያ በተራ ይመጡ ጀመር።

ለምን እንደሚደክሙልን ብጠይቃቸው ሚስ ኤድና ነገሩኝ። እሳቸው ልጅ ሳሉ ጥቁርና ነጭ የሚማረውም፣ የሚታከመውም፣ የሚቀበረውም ለየብቻ ነበር። እናታቸው ሲታመሙ ቅርባቸው ያለው ሆስፒታል ጥቁር አልቀበልም አለ።

«እናቴን ያዳኗት የሰፈራችን ሴቶች ናቸው» አሉኝ። «ማኅበር ነበራቸው። የሰው ልብስ ሲያጥቡ ውለው የታመመ ያስታምማሉ፣ የሞተ ይቀብራሉ። እኛም የእነሱ ልጆች ነን።»

ለእናቴ ስተረጉምላት «ዕድር ነዋ» ብላ ፈገግ አለች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ሳያት ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

ቅዳሜ የሕንጻው የሐበሻ እናቶች ምግብ ይዘው ሊጠይቋት መጡና ሳሎኑን ሞሉት። እናቴ እንግዶቿን ለማስተናገድ እንደምንም ቀና ስትል፣ ሚስ ኤድና በእርጋታ፣ «በእኛ ማኅበር ጠያቂ ይሠራል እንጂ አይቀመጥም» አሉ። ፈራ ተባ እያልኩ ተረጎምኩት። ከሁሉም ታላቅ የነበሩት እትዬ ዘነበች ቅር አላቸው። ቆይተው ግን እናቴን አየት አደረጉና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ።

«እውነታቸውን ነው። ልጅቷ ደክማለች» ብለው ወደተከመረው ሳህን ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራው የሁሉም ሆነ። እነ እትዬ ዘነበችና እነ ሚስ ኤድና፣ አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ ሳያውቁ፣ በምልክት እየተግባቡ እናቴን አቆሟት። ከዓመታት በኋላ ሚስ ኤድና ሲደክሙም አልጋቸው አጠገብ ከዋሉት ሴቶች ግማሾቹ አማርኛ የሚያወሩ ነበሩ።

ዛሬ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ የምትባል ሌላ ከተማ ነው። ሰው ታመመ ሲባል የስልክ ግሩፓችን ላይ «እግዜር ይማርሽ» ብለን እንጽፋለን፣ ምግብ ኦርደር እናደርጋለን። ክፉዎች ሆነን አይደለም፤ ሩጫው ነው። እናቴ ግን አሁንም ላንድማርክ ናት፣ አሁንም የታመመ ሰው ቤት ገብታ ሳህን ታጥባለች። ባለፈው ሳምንት ኮል አድርጋ፣ ጎረቤቴ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

«ታዲያ ደህና መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ።