«ሂጂ» ያሉኝ መስሎኝ

ይህ የሆነው የኤርትራ ነፃነት ከታወጀ ብዙም ሳይቆይ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ አክስቴ ዘንድ ካደግሁበት ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ በመጣሁበት ዓመት ነው። ዛሬም ትዝ ባለኝ ቁጥር አውቶቡስ ውስጥም ብሆን ብቻዬን ስለምስቅ፣ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል።

አንድ ትምህርት ቤት ለባዮሎጂ መምህርነት አመልክቼ፣ ሰኞ ተማሪዎች ፊት የሙከራ ትምህርት እንድሰጥ ተነገረኝ። ካለፍኩ ሥራው የእኔ ነው፤ ከወደቅሁ ተመልሼ አክስቴ ቤት መግባቴ ነው። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስቆም ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፄ ይጠፋል። ትግርኛዬም ገና ስለነበር አፌን በከፈትኩ ቁጥር የሚስቅብኝ አይጠፋም።

አስመራ ቤቷ ያረፍኩባት ታላቅ እህቴ ጭንቀቴን አይታ፣ «ቤት ጊዮርጊስ ሰፈር አንዲት ከስዊድን የተመለሱ ሴትዮ አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎናቸው ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ ያስተምራሉ» አለችኝ።

«ዝም ማለት ለእኔ? እሱንማ እኔ ላስተምራቸው!»

«አፍሽ እንጂ ሆድሽ መቼ ዝም ይላል!»

ሄድኩ።

አውቶቡሱ ዘግይቶ ስደርስ ተጀምሯል። በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ አብዛኛው ሺዳ ነው፣ ያ ታጋዮች በረሃ ሳሉ የሚያደርጉት ጥቁር የላስቲክ ጫማ። የእኔን ባለ ተረከዝ አውልቄ በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኗል። ሴትዮዋ በትግርኛ ቀስ እያሉ ይናገራሉ፦ ትንፋሻችሁ ሲገባና ሲወጣ አዳምጡ፤ ሐሳብ ሲመጣ አትታገሉት፣ ይለፍ፤ ወለሉ ሲነካችሁ ይሰማችሁ። ሞከርኩ። እውነትም ልቤ ረጋ ማለት ጀመረ። ጉልበቴ ብቻ እንቢ አለ፤ ይንቀጠቀጣል፣ የጣውላው ወለልም አብሮት ሲጥ ሲጥ ይላል።

ሴትዮዋ በባዶ እግራቸው መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ በጣም ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ሂጂ» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ረብሼ ነው ብዬ ጉልበቴን በሁለት እጄ ጨምቄ ያዝኩት።

«ሂጂ...» አሉ እንደገና። «ሂጂ... ሂጂ...»

እንዲህ በትሕትና ተባርሬ አላውቅም። ተነሣሁ። እንባዬ እየመጣ ስለነበር እግሬ ያገኘውን ጫማ አጥልቄ ቁልቁለቱን ወረድኩ።

ፌርማታው ጋ ስደርስ ከኋላዬ፣ «አንቲ ጓል! ደው በሊ! ሳእነይ!» የሚል ጩኸት መጣ፤ «አንቺ ልጅ፣ ቁሚ፣ ጫማዬን!» ማለት ነው። ዞር ስል አንዲት ረጅም፣ ጎፈሬዋ የቆመ ታጋይ፣ የእኔን ትንንሽ ባለ ተረከዝ በጣቶቿ ጫፍ አንጠልጥላ እንደ ሽመላ እየዘለለች ትመጣለች። ወደ እግሬ ባይ የእሷን ሺዳ አድርጌያለሁ፤ ጀልባ ያክላል።

ይቅርታ ለመጠየቅ በትግርኛ ስንተባተብ ጊዜ ወደ አማርኛ ቀየረችልኝ። «ጫማዬን ይዘሽ ወዴት ነው?»

«ሴትዮዋ... ሂጂ ሲሉኝ...»

«ሂጂ?» አለች። ከዚያ አስፋልቱ ዳር ዘፍ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ዋይ ሓፍተይ፣ ዋይ እህቴ! ‹ሕጂ› እኮ ነው! አሁን ማለት! ሐሳብሽ ሲሸሽ ወደ አሁን መልሺው ነው ያሉሽ! ስዊድን ኖረው ኖረው ‹ሐ›ዋ ከጉሮሯቸው ጠፍታ ነው እንጂ!»

ቃሉንማ አውቀዋለሁ። ያለ «ሐ»ዋ ሲመጣ ግን ጆሮዬ አማርኛ አደረገው። ሳቋ ተጋባብኝ። አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎችም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረውን ሳቁ።

«እኔ ያን ሁሉ ዓመት በረሃ ስሮጥ ኖሬ፣ አሁን ቁጭ ማለት አቅቶኝ ነው የመጣሁት» አለችኝ ጫማ ስንቀያየር። «አንቺ ደግሞ መልሰሽ አስሮጥሽኝ!» አብርሀት ትባላለች። ክንዴን ይዛ ዳገቱን መለሰችኝ።

ሰኞ ክፍሉ ሞልቶ ጠበቀኝ። ዳይሬክተሩ ከኋላ ተቀምጠዋል። ጉልበቴ ጀመረ። ትንፋሼን አዳመጥኩ፤ ሲገባ፣ ሲወጣ፣ እግሬ ወለሉን ሲነካ። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩና፣ «ሕጂ!» አሉኝ፤ ከጉሮሮ፣ «ሐ»ዋ ሳትጎድል።

ሳቄ አመለጠኝ። ልይዘው ብል ባሰ። ተማሪዎቹ ግራ ገብቷቸው ሲያዩኝ፣ በዚያ በተሰባበረ ትግርኛዬ ታሪኩን ነገርኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ ዳይሬክተሩም መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሳቁ ሲበርድ ጠመኔውን አነሣሁ። ጉልበቴ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ድምፄም መጥቷል። ሥራውን አገኘሁ።

አብርሀት ዛሬ የቅርብ ጓደኛዬ ናት። ከቤቷ ልወጣ ስል በሩን ይዛ፣ ሆን ብላ «ሐ»ዋን አጥፍታ፣ «ሂጂ» ትለኛለች። እኔም «ሂጂ» ይሁን «ሕጂ» ያልገባኝ መስዬ ተመልሼ እቀመጣለሁ።