መቅዘፊያ የሌለው ታንኳ

መርፌ የጨበጥሁ የመጀመሪያ ዕለት ክሩን በቁመቴ ልክ ቆረጥሁት። የፋብሪካ ሽመና ክፍል ፎርማን ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ክር በረዘመ ቁጥር ሥራ ይፈጥናል ብዬ ነው። ስስበው አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፣ መነጽሬን አወለቀብኝ፣ ከወንበሩ እግር ጋር አሰረኝ። ባለቤቴ አስካለ መቀስ ይዛ መጥታ ፈታችኝ።

“በክንድ ነው የሚቆረጥ፣ በክንድ!” አለች። “አንተን ይዞ ያ ፋብሪካ እንዴት ሳይዘጋ ቀረ?”

ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቃዬ እሷ ናት። ጥልፉ ቀዳዳው በሚቆጠር ጨርቅ ላይ ክርን በክር ላይ ማመሳቀል ነው። የታችኛው ወደ ቀኝ ካጋደለ የላይኛው ወደ ግራ ያጋድላል፤ ይህ ከጫፍ እስከ ጫፍ አይለወጥም። አስካለ ግን ፊቱን አታይም። “አዙረህ ጀርባውን አሳየኝ” ትላለች። ሸማኔዎቼን ስንት ዘመን እንደዚያ ሳስጨንቅ ኖሬ፣ እግዜር በቤቴ ከፈለኝ።

ልጄ አዲስ ቤት ሲገባ አውራ ዶሮ ጠልፌ ወሰድሁለት። አገላብጦ አየና፣ “አባዬ፣ ጀልባው በጣም ያምራል” አለኝ። ጀልባ እንደምችል ያወቅሁት ያኔ ነው።

ስለዚህ የወዳጄ የሰይድ ልጅ ዘይነብ ልታገባ ስትል ምን እንደምሰጣት አልቸገረኝም። ሰይድ በከተማችን ሐይቅ ዳር ከደንገል ሣር ታንኳ ይሠራል፤ የልጅቱ እጮኛ ዓሣ አጥማጅ ነው። ሰማያዊ ውሃ፣ ቀላ ያለ ሰማይ፣ መካከሉ ላይ አንድ ታንኳ ጠለፍሁ። ቀዛፊውን ተውሁት። እኔ ሰው ስጠልፍ ፊቱ ላይ ስደርስ ድንች ይሆንብኛል።

የኒካው ዋዜማ ይዤ ሄድሁ። ሰይድ ለሠርጉ በተሰበሰቡት ሴቶች ፊት ዘረጋው። የዘይነብ እናት ፋጡማ ፊቷን አዞረች።

“ሰውየውስ?” አለኝ ሰይድ ዝቅ ብሎ።

“የቱ ሰውዬ?”

“ወዳጄ፣ እኛ ሰፈር ባዶ ታንኳ ውሃ ላይ ከታየ እሪ ተብሎ ሬሳ ፍለጋ ይወጣል።”

“ልጄ ይህን ይዛ ባሏ ቤት አትገባም!” አለች ፋጡማ።

ጨርቁን አጥፌ፣ ከወዳጅነቱም ከቤቱም ልወጣ ስነሳ ዘይነብ መንገድ ዘጋችብኝ።

“አባባ፣ መርፌ ይዘዋል?”

ኮሌታዬ ላይ ተሰክታለች። የተረፈ ቡናማ ክርም ኪሴ ውስጥ አለ።

“እንግዲያው ሰውዬውን ያሳፍሩልኝ።”

ደንገል ከተደገፈበት ግድግዳ ሥር ተቀመጥሁ። ልጃገረዶቹ ከበቡኝ። ጥድፊያው የአስካለን ትምህርት አስረሳኝና ክሩን ሁሉ ሳልቆርጥ ባንድ ጊዜ ሰካሁት። ሰውዬው እንደ ምንም ተሳፈረ፦ ራሰ በራ፣ ጆሮው የተገነጠለ፣ ሆዱ የታንኳውን ግማሽ የያዘ። መቅዘፊያው ላይ ስደርስ ክሩ ተቋጠረ። ቋጠሮውን ስቆርጥ፣ የቀረው ለጉንዳን እግር እንኳ አይበቃም።

ሰይድ ጥልፉን አየ፤ እኔን አየ።

“ይህማ አንተው ነህ! ኧረ ታንኳዬን አሰመጥኸው! ደግሞ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል!”

“ጡረታ ወጥቶ ነዋ” አልሁት።

ፋጡማ ላለመሳቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፤ አልሆነላትም። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። “ትውሰደው” አለች በመጨረሻ፤ “ይህ እንኳን ሐይቅ፣ ጎርፍም የሚወስደው አይደለም።”

ለእናንተ ለጥልፍ ጀማሪዎች የምለው ይኸው ነው፦ ለሰው ስጦታ ከመጥለፋችሁ በፊት የቤቱን ሰው ጠይቁ። ክራችሁንም በክንድ ቁረጡ።

ጥልፉ ዛሬ ዘይነብ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሐይቅ ዳር ባገኘችኝ ቁጥር “አባባ፣ መቅዘፊያው?” ትለኛለች። አስካለ ቡናማውን ክር በክንድ ቆርጣ ካስቀመጠችልኝ ቆየች። እኔም መርፌዬን ይዤ እሄዳለሁ። በሄድሁ ቁጥር ግን ባሏ ያመጣው ዓሣ ይጠበስልኛል፤ በቅባት እጅ ደግሞ ጨርቅ አይነካም። መቅዘፊያው ያው ዕዳዬ ነው።