ድሮን ያገኘው የአባቴ መደብ

ባለፈው ሳምንት... እስራኤል ውስጥ፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ ጫፍ፣ ድሮ ከምንኖርበት ሕንፃ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ፣ ሳይንስ አባቴን ደረሰበት።

ሜዳው ላይ አዲስ ቤቶች ሊሠሩ ነው። ከዚያ በፊት ግን ከመሬቱ በታች ጥንታዊ ነገር መኖር አለመኖሩ መጣራት አለበት። እኔ ከቆፋሪዎቹ አንዱ ነኝ። አለቃችን፣ ወጣቷ አርኪዮሎጂስት፣ ዓይን የማያየውን ብርሃን የሚያይ ካሜራ ያለው ድሮን አስነሣች። ሣሩ የት እንደጠገበ፣ የት እንደተራበ ከሰማይ ሆኖ ይለያል። ከሥሩ ግንብ ካለ ሣሩ ይከሳል፤ ድሮ የተቆፈረ ጉድጓድ ካለ ይፋፋል።

ኮምፒውተሩ ላይ ደማቅ ቀይ አራት ማዕዘን ወጣ። በዚህ ሥዕል የጠገበ ሣር ቀይ ነው።

«እዚህ ሰው ሠርቷል» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምናልባት የጥንት ገንዳ።»

ቅርጹን አየሁት። የመብራት ምሰሶውን ለመዞር በአንድ በኩል ጠመም ብሏል...

«ገንዳ አይደለም» አልኳት። «የአባቴ ጎመን ነው።»

አባቴ እዚሁ አቅራቢያ፣ ቤኤር ቱቪያ ባለ ፋብሪካ ሲሠራ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ እዚህ ጎመንና ጤናዳም ይተክል ነበር። ከሥራ ሲወጣ ከአንድ በረት የላም እበት በፌስታል ይዞ አውቶቡስ ይሳፈራል። ሰው መስኮት ይከፍታል። በክረምት የትምህርት ዕረፍት ፋብሪካው ውስጥ አብሬው ስሠራ፣ እኔ የማላውቀው መስዬ ከኋላ እቀመጥ ነበር።

አንድ ቀን ሜዳውን የሚደለድል ትራክተር መጣና መደቡን ጠርጎት ሄደ። ስለ ጎመኑ አባቴ ቃል አልተነፈሰም። የቆጨችው ዶማው ናት... አያቴ፣ ጎንደር ውስጥ ቀጥቃጭ የነበሩት፣ በእጃቸው የሠሯት፣ በጋቢ ተጠቅልላ ከእኛ ጋር እስራኤል የገባች። ጥግ ላይ በቆርቆሮ ሸፍኗት ነበር። ሲፈልጋት ከረመ፤ ሜዳው ግን ጥግ አልነበረውም።

ደወልኩለት። አሁን የሚኖረው ገዴራ ከተማ፣ እህቴ ቤት ነው። በማግስቱ ጠዋት የበዓል ኮቱን ለብሶ መጣ።

ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አየው።

«ይኼን ከላይ ያየው ማን ነው?»

«ድሮን ነው፣ አባ።»

«የእበቱንም ነገር ደርሶበታል?»

«ደርሶበታል።»

«ጎበዝ ነው» አለና ጣቱን አንዱ ጥግ ላይ አሳረፈ። «እዚህ።»

ክንድ እንኳ ሳንቆፍር ቆርቆሮው ጮኸ። ከሥሩ ዶማዋ... እጀታዋ በስብሷል፣ ብረቷ ዝጓል። አርኪዮሎጂስቷ በልማድዋ በብሩሽ ጠረገቻትና ቁጥር የሚጻፍበትን ከረጢት አወጣች።

አባቴ ከረጢቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ልጄ፣ ልትወስጃት ነው?»

በዕብራይስጥ ተረጎምኩላት። «የየትኛው ዘመን ናት በለው» አለችኝ።

«የአባቴ ዘመን» አለ አባቴ።

ይህንንም ተረጎምኩላት። ከዚያ ከረጢቱን አጠፈችው።

«ቤሰደር... እሺ። ቅርስ አይደለችም፣ ይውሰዳት።»

የእኛ የኢትዮጵያውያኑ ነገር ቅርስ አይደለም ስባል ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

አባቴ ዶማዋን በበዓል ኮቱ ጠቅልሎ የገዴራን አውቶቡስ ተሳፈረ። ሸኘሁት... በዚህ ጊዜ አጠገቡ ተቀመጥኩ።